ዝቅተኛ የፍጥነት ውጤት የማሰብ ችሎታን ይለካል?

የቃል ግንዛቤ ውጤትዎ 130፣ የአእምሮ ሥራ ፍጥነት ውጤትዎ ደግሞ 85 መሆኑን ገልጸው «ታዲያ እኔ ብልህ ነኝ ወይስ ዘገምተኛ?» ብለው ለጠየቁት፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም እላለሁ።

የማሰብ ችሎታን በሚለካው በዌክስለር ፈተና አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ልኬት) 15 ስለሆነ፣ ከመቶ ሰዎች 16 ያህሉ ከ85 በታች ያገኛሉ፤ ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚያስደነግጥ አይደለም። ይልቅስ ቁጥሩ የተገኘበትን መንገድ መመርመር ይበጃል። ከፍጥነት መለኪያዎቹ በአንዱ ተፈታኙ ለእያንዳንዱ አኃዝ የተሰጠውን ምልክት በ120 ሰከንድ ውስጥ የቻለውን ያህል በእርሳስ ይገለብጣል። እዚህ ላይ የእጅ ቅልጥፍና፣ የዓይን ጤንነት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የትኩረት ችግር፣ እንዲሁም ላለመሳሳት ሲሉ እያንዳንዷን መስመር አሳምሮ የመጻፍ ልማድ ሁሉ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ጥልቅ ማሰብ ግን ጨርሶ አይጠየቅም።

በውጤቶች መካከል የ45 ነጥብ ልዩነት ሲኖር ጠቅላላ ድምሩ ብዙም ትርጉም አይሰጥም፤ የረዥምና የአጭር ሰው አማካይ ቁመት የሁለቱንም ልብስ ለመስፋት እንደማይጠቅም ማለት ነው። ስለዚህ የፈተነዎትን ባለሙያ፣ ፍጥነትንና የሥራ ትውስታን (መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመጠቀም ችሎታን) ወደ ጎን ትቶ የሚሰላውን የአጠቃላይ ችሎታ ውጤት እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

ይህን ስል ዝግታው ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። ሰዓት በተገደበበት ፈተና በእርግጥ ይጎዳል፤ ተጨማሪ ጊዜ ለመጠየቅ ማስረጃ የሚሆንዎትም የባለሙያው የጽሑፍ ሪፖርት ነው።