ሪፍራክቶሜትሬ ልክ ነው ወይ? የጨው ውሃ አኳሪየም ላላችሁ፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። እኔ ሐዋሳ ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ መቶ ሊትር የባሕር ውሃ፣ ሁለት ክላውን ዓሣና ጥቂት ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እንደ አበባ የሚከፈት የባሕር እንስሳ) አለኝ። ሪፍራክቶሜትር ማለት አንድ ጠብታ ውሃ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር አሳይቶ የጨውን መጠን የሚነግረን፣ በዓይን የምናይበት መሣሪያ ነው። ስለ ጨው አለካክ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣውን እንየው።

አንዱ 35 ይላል፣ ሌላው 1.026። የቱን ልያዝ?

ሁለቱም አንድ ናቸው። 35 ማለት በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም የሚሆን ጨው አለ ማለት ነው። 1.026 ደግሞ ያው ውሃ ከንጹሕ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግረናል። ውቅያኖስ በአማካይ እዚያው ገደማ ነው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ኮራል ካለህ 35ን ያዝ።

ሪፍራክቶሜትሬን በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክያለሁ፤ ንባቡም 35 ነው። ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ ኮራሉ ግን አልከፈትም አለኝ። (ከፒያሳ)

ወንድሜ፣ ይህ በእኔም ደርሷል። ለወራት መሣሪያዬ 35 እያለኝ ኮራሌ በየቀኑ ይጨማደድ ነበር። መብራቱን ቀየርኩ፣ ፓምፑን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ 35 መሆኑ የታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ አገኘሁና የመሣሪያው መስታወት ላይ ጠብ አደረግሁ። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 39 ላይ ቆመ! ስለዚህ 35 ነው ስል የኖርኩት ውሃ በእውነት 31 ገደማ ነበር። ዜሮው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል። ሚዛን ባዶውን ዜሮ ስላለ ብቻ ኪሎው ልክ ነው አይባልም አይደል? ሌላም ነገር አለ። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለተራ ጨው የተሠሩ ናቸው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዥየምም ካልሲየምም ስላለው ብርሃንን የሚሰብረው በሌላ መጠን ነው። ለተራ ጨው የተሠራ መሣሪያ፣ እንከን ባይኖረው እንኳ፣ እውነተኛውን 35 የባሕር ውሃ 36.5 ብሎ ያነባል። የምትለካው 35 አካባቢ ከሆነ ማስተካከልም ያለብህ እዚያው ነው።

ማስተካከያው ፈሳሽ ከየት ይመጣል? እዚህ አይገኝም። (ከአዳማ)

ቤትሽ ውስጥ ትሠሪዋለሽ። ደቃቅ የገበታ ጨው ምጣድ ላይ አመስ አድርገሽ እርጥበቱን አስለቅቂው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። 73 ግራም ጨው በ1927 ግራም የተጣራ ውሃ ውስጥ አሟሚ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ብዛቱን ሁለት ኪሎ ያደረግሁትም ለዚሁ ነው፤ ትንሽ ከሠራሽ የአንድ ግራም ስህተት ብዙ ያዛባል። ይህ ፈሳሽ ሪፍራክቶሜትር ላይ ልክ እንደ 35 የባሕር ውሃ ነው የሚነበበው። የመሣሪያውን ማስተካከያ ብሎን እያዞርሽ መስመሩን 35 ላይ አምጪው። በኤሌክትሪክ ለሚለካው መሣሪያ ግን አይሆንም፤ ለእሱ የራሱ ማስተካከያ አለው።

ለተጣራ ውሃ እኔ የባትሪ ውሃ እገዛለሁ። ስትጠይቂ አደራ፣ አሲዱን እንዳይሰጡሽ! ፈሳሹን ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጠርሙስ አስቀምጪ፤ ከተነነ ቁጥሩም ይለወጣል።

ይሄን የገበታ ጨው አኳሪየሙ ውስጥ ብጨምረውስ?

በፍጹም። ለመለኪያው እንጂ ለዓሣው አይሆንም። ለእነሱ የባሕር ጨው ቅልቅል ነው የሚገዛው።

የብርጭቆ ሃይድሮሜትር (ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ክብደቱን የሚለካ) አለኝ። ልጣለው?

አትጣለው፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ብቻ ለየትኛው ሙቀት እንደተሠራ አንገቱ ላይ አንብብ። ለ15 ዲግሪ ተኩል ገደማ ከተሠራ፣ 25 ዲግሪ ላይ ያለ ትክክለኛ ውሃ 1.024 ብቻ ያሳይሃል። አንተ ደግሞ አንሷል ብለህ ጨው ትጨምራለህ። ክንዷ የምትወዛወዘውን የፕላስቲክ ዓይነት ግን አላምናትም። አንዲት የአየር አረፋ ከተለጠፈችባት ንባቡን ከፍ ታደርገዋለች።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ልኬቱን አይለውጠውም?

አይለውጠውም። ከፍታው የሚነካው ኦክስጅኑን ነው። እዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያንሳል፤ ስለዚህ የውሃውን ፊት በደንብ አንቀሳቅሱት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ።

ጨው ሳልጨምር 38 ደረሰብኝ። ከየት መጣ? (ከታቦር)

ውሃው ተነነ እህቴ፣ ጨው ደግሞ አይተንም። ከመቶ ሊትር አምስቱ ቢተን 35 የነበረው ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን በተጣራ ውሃ ሙይ፣ በጨው ውሃ አይደለም። የአኳሪየሙ መስታወት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊና እስከዚያ ድረስ ሙይ።

አሁን ያለውን ለማውረድ መጀመሪያ መሣሪያሽን አስተካክይ። እውነት 38 ከሆነ፣ ከመቶ ሊትሩ ስምንት ሊትር ገደማ አውጥተሽ በተጣራ ውሃ መተካት ነው። በአንድ ጊዜ እንዳታደርጊው፣ ኮራሉ ይደነግጣል። በቀን ሁለት ሁለት ሊትር፣ ለአራት ቀን። የተጣራው ውሃ እንደ አኳሪየሙ ይሙቅ፣ ቀስ ብለሽም አፍስሺው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ እጠብቃለሁ።