መልስ፦ ሃቢታት 67ን በደሴ ተዳፋት ላይ መድገም ይቻላል?

በደሴ ጦሳ ተራራ ግርጌ ለምትሠሪው ፕሮጀክት፣ እንደ ሃቢታት 67 (በሞንትሪያል፣ ካናዳ ያለው የተደራረቡ ቤቶች ሕንፃ) 24 ቤቶችን ቀድሞ ተሠርቶ በሚገጣጠም የኮንክሪት ሳጥን መደርደር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አያዋጣሽም፤ በቦታው በሚሞላ ኮንክሪት ሥሪው። የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ግቢ ይሁን ያልሽውን ግን እንዳትተዪው፤ የሃቢታት ትልቁ ውርስ እሱ ነው።

አርክቴክቱ ሞሼ ሳፍዲ ሃቢታትን በ1967 እ.ኤ.አ. ለሞንትሪያል ኤክስፖ (የዓለም ትርዒት) ሲሠራ 354 ሳጥኖችን ደርድሮ 158 ቤት አወጣ። የታሰበው ከ1,000 በላይ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ የማምረቻው ወጪ በጥቂት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ርካሽ ይሆናል የተባለው ውድ ሆነ። በ24 ቤት ደግሞ ይብሳል። አንዱ ሳጥን በርካታ አስር ቶኖች የሚመዝን ስለሆነ፣ በዚያ አቀበት ላይ ለከባድ ክሬን መቆሚያ ሜዳ ማግኘትም ይከብዳል።

ጣሪያውን እንዲህ ሥሪው፦

1. በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ. ዝቅታ ወደ ውሃ መውረጃው ስጪ።
2. የሬንጅ ሜምብሬኑን (ውሃ የማያሳልፈውን ሽፋን) ከንጣፉ በላይ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ግድግዳው ላይ አውጪው።
3. መውረጃውን ዘግተሽ ለ48 ሰዓት ውሃ አቁሚበት። ካላፈሰሰ ብቻ ሴራሚክ ወይም አፈር ይግባ።

ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ጠጠርና የውሃ መውጫ ቱቦ አይቅር።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሦስተኛውን እርምጃ፣ የውሃ ሙከራውን፣ ኮንትራክተሩ ሊዘለው ይፈልጋል፤ አትፍቀጂ። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ውሃው ከሥሩ ተጉዞ ሌላ ቦታ ስለሚወጣ፣ የሚያፈሰው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ንጣፉን በሙሉ ማንሳት ሊጠይቅ ይችላል።