የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሳሞአኛ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል

ጥያቄ፦ ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳሞአኛ መምህርት ረዳት ነኝ። የ9ኛ ክፍል ጀማሪዎች ፊደሉን ቶሎ ይይዙታል፤ ንባባቸው ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይቃናም። የት ነው የሚበላሸው?

መልስ፦ የሚያታልላቸው የፊደሉ ማነስ ነው። ሳሞአኛ 14 ፊደላት ብቻ አሉት፤ ለውሰት ቃላት የሚገቡት ሦስቱ ሲጨመሩ 17 ይሆናሉ። ሁሉም የላቲን ስለሆኑ ተማሪው እንደ እንግሊዝኛ ያነባቸዋል።

መጀመሪያ የሚስተው «ጂ» ተብሎ የሚጻፈው ፊደል ነው። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ «ንግ» ሲሆን ሳሞአኛ ቃል መጀመሪያ ላይም ይመጣል፤ ችግሩም እዚያ ነው። «ሲንግ» አስብለው መጨረሻዋ ላይ ያስቁሟቸው፤ ከዚያ «ሲንግ-አ» ይበሉ፤ ቀጥሎ «ሲ»ን በልባቸው ይዘው የቀረውን ብቻ ያውጡ። በዚህ መንገድ ያልመጣለት ተማሪ ብዙ የለም።

ሁለተኛው «ኮማ ሊሊው» ነው፤ በጉሮሮ ድምፅን ቆርጦ የሚያልፈው ምልክት። «ላው ቱሲ» መጽሐፍህ ነው፤ «ላኡ ቱሲ» ደግሞ መጽሐፌ። «ፋይ» አድርግ፣ «ፋኢ» ሙዝ። ሦስተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው፦ «ታማ» በአጭሩ ሲባል ወንድ ልጅ፣ የመጨረሻው ድምፅ ሲሳብ አባት ይሆናል።

ተማሪዎቹን ጥንድ ቃላት በዝርዝር ማስነበብ ጊዜ ማባከን ነው። በጆሮው ያልለየውን ድምፅ በአፉ አያወጣውም። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይመድቡ፤ መምህርቷ አንዱን ቃል ትጥራ፤ ተማሪዎቹ «ላው» ከሰሙ አንድ ጣት፣ «ላኡ» ከሰሙ ሁለት ጣት ያውጡ። ዓይን ቢጨፈን ይሻላል፤ አለዚያ ከጎበዙ ይገለብጣሉ። ከ10 ጥሪ 9ኙን ሲለዩ ወደ መናገር ይሻገሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኮማ ሊሊውና የአናባቢ ርዝመት ምልክቶቹ በ1960ዎቹ ከጽሑፍ ተትተው ነበር፤ የሳሞአ ትምህርት ሚኒስቴር መልሶ የተቀበላቸው በ2012 ነው። ስለዚህ ተማሪው ከቤት ይዞት የሚመጣው ደብዳቤ ወይም የድሮ መዝሙር ምልክት ባይኖረው አይግረማችሁ። አያቱ ተሳስተዋል እንዳይባል።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ግማሾቹ ሳሞአኛ ሲነገር እየሰሙ ያደጉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፈጽሞ አዲስ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «ታማ» በማለት ፋንታ «ካማ» ይላሉ። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው?

መልስ፦ አያርሟቸው፤ ግን የት የቱ እንደሚነገር ያስለዩአቸው። ሳሞአኛ ሁለት አነጋገር አለው። በአንደኛው፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮና በጽሑፍ በሚሰማው፣ «ት» እና «ን» እንዳሉ ይቆያሉ። በሁለተኛው «ት» ወደ «ክ»፣ «ን» ደግሞ ወደዚያው ወደ «ንግ» ይለወጣሉ። ሁለተኛውን የቤትና የጓደኛ ወሬ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው፤ በመንደር ሸንጎ የሚቀርበው የተከበረ ንግግርም በእሱ ነው። ልማዳዊ ስማቸው አንዱን «መልካም»፣ ሌላውን «መጥፎ» ስለሚል፣ ለልጆቹ «የክፍል አነጋገር» እና «የቤት አነጋገር» ብትሏቸው ይመረጣል። ልጅ የእናቱ ንግግር መጥፎ ነው ከተባለ አፉን ይዘጋል።

ክፍሉን ግን ለሁለት አይክፈሉት። ሥዕሉ አንድ፣ ሥራው ሦስት ይሁን። ለምሳሌ የቶኦናኢን፣ የእሑድ ምሳን፣ ሥዕል ያቅርቡ፦ ታሮ የተባለው ሥራሥር፣ ሙዝ፣ በትኩስ ድንጋይ የበሰለ ፓሉሳሚ (የታሮ ቅጠል በኮኮናት ወተት)። ጀማሪዎቹ 8 ቃላት ይዘው ይሰይማሉ፤ መካከለኞቹ ማን ምን እንደበላ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ (ግሡ መጀመሪያ እንደሚመጣ አይርሱ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ረዳት እዚህ ላይ ይደናበራል)፤ ቤት የሰሙት እንግዳ ወደ ማዕድ የሚጠራበትን የአክብሮት ግብዣ ይጽፋሉ። የእነዚህኞቹ ድክመት መናገር ሳይሆን መጻፍ ነውና እርሳሱን ከእጃቸው አያስጥሉ።

የባለቤትነት ቃላትን «ላኡ» እና «ሎኡ» በሕግ አይጀምሩ። «ሎኡ ኢንጎአ» ስሜ፣ «ሎኡ ፋሌ» ቤቴ፣ «ላኡ ቱሲ» መጽሐፌ፣ «ላኡ ማይሌ» ውሻዬ እያሉ እንደ አንድ ቃል ይያዟቸው። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ራሳቸው ይጠይቋችኋል፤ ያኔ አካል፣ ወላጅ፣ ቤት፣ የሚሳፈሩበት ነገር በ«ሎ» ወገን እንደሆነ ያስረዱ።

ጥያቄ፦ የአክብሮት ቃላትን ዝርዝር ሰጠኋቸው፤ በፈተና መለሱ፤ በማግስቱ ረሱት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝርዝሩን ይተዉት። እነዚህ ቃላት ያለ ሥርዓታቸው ቦታ የላቸውም። «ና» ለጓደኛ «ሳው» ነው፤ ለአሊኢ፣ ማለትም ለባላባቱ፣ «ሱሱ ማይ»፤ ለቱላፋሌ፣ ለአፈ ጉባኤው፣ «ማሊው ማይ»፤ ለላቀ ማዕረግ «አፊዮ ማይ»። ማን የት እንደተቀመጠ ያላየ ልጅ ሦስቱን ከየት ይለያቸዋል?

የአቫ ሥርዓትን በክፍል ያዘጋጁ። አቫ ከአንድ ተክል ሥር ተጨምቆ የሚቀርብ መጠጥ ነው፤ ለልምምድ ግን ውኃ ይበቃል። ወንበሩን አውጥታችሁ ምንጣፍ ላይ በግማሽ ክብ ያስቀምጧቸው፤ እግር ታጥፎ እንጂ ወደ ሰው ተዘርግቶ አይቀመጥም። እግሩን አጥፎ መቆየት ያቃተው በምንጣፍ ይሸፍነው። ታኖአ የተባለው ባለ ብዙ እግር የእንጨት ገበቴ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዲት ልጅ ትቀላቅላለች፤ በልጥ ታጠራለች፤ ልጡን ወደ ኋላ ትወረውራለች፤ ከኋላ የቆመው ቀልቦ፣ አራግፎ ይመልስላታል። ጠሪው የእያንዳንዱን ጽዋ በተራ በድምፅ ይጠራል፤ አቅራቢው በኮኮናት ቅል ያደርሳል። ተቀባዩ ጠብታ ወደ መሬት ያፈስና «ማኑያ» (በረከት ይሁን) ይላል፤ ሌሎቹ «ሶይፉዋ» (በጤና ኑር) ይሉታል፤ ይጠጣል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጠሪው ላይ ነው። ተማሪው ማዕረጉን ትቶ የጓደኛውን ስም ይጠራል፣ ክፍሉም ይስቃል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ተቀማጭ ማዕረጉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፤ ጠሪው ያንን ዓይቶ ቃሉን ይመርጣል። ሌላው ስህተት የአክብሮት ቃልን ለራስ መጠቀም ነው፦ «ማኦታ» የባላባት ቤት ነው፤ ተማሪው «የእኔ ማኦታ» ካለ ራሱን አንቱ እንዳለ ይቆጠራል። ለሥርዓቱ በአንድ የትምህርት ቀን የሚጋበዙ የሳሞአ ሽማግሌ ካሉ በጣም ይጠቅማል፤ ግን አስቀድመው ያማክሯቸው፤ የመንደሩ ወግ ከመንደር መንደር ይለያያል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሳሞአዊት አይደለችም፤ የትምህርት ቤቷ የሳሞአ ቡድን ግን ለፖሊፌስት ተቀብሏታል። «ሳሳ» እንድትማር እንዴት ልርዳት?

መልስ፦ ፖሊፌስት በ1976 ኦታራ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጀመረ የኦክላንድ ተማሪዎች ፌስቲቫል ነው። ሳሳ በቡድን፣ በአብዛኛው ተቀምጦ፣ በከበሮ ምት የሚሠራ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ጭብጨባው ሁለት ዓይነት ነው፦ መዳፍ ተዘርግቶ «ፓቲ»፣ መዳፍ ጎድጎድ ብሎ «ፖ»። ድምፃቸው የተለየ ስለሆነ ሳትመለከት በጆሮዋ ትለያቸው። ቤት ውስጥ በ«ታሲ፣ ሉዋ፣ ቶሉ፣ ፋ» እየቆጠረች ትለማመድ፤ ልምምዱ ላይ የሚሰሙት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከበሮው ሲፋጠን እጇ እንዳይቀድም። በተቀመጡ ሰዎች ፊት ማለፍ ካለባት ጎንበስ ብላ «ቱሎው» (ይቅርታ) ትበል።