አዳራሹ ሞልቶ ኮሮጆው የሚጎድለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ከትናንት ወዲያ የተለጠፈ ነው። ላላየው ባጭሩ ልድገመው። አንድ ወጣት ወንድማችን እዚህ ጅማ ለሚወዳደር እጩ ወጣቶችን ያስተባብራል። «ስብሰባ ስንጠራ አዳራሹ ጢም ይላል። ቲክቶክ ላይም ብዙ ሰው ያየናል። የቆዩት ግን ‹ይሄ ድምፅ አይሆንም፣ ቤት ለቤት ሂዱ› ይሉናል። በዚህ ዘመን ቤት ለቤት መዞር ምን ይፈይዳል? በእጩ ምርጫው ያኮረፉ አባላትም አሉን። እነሱን ትተን ብንቀጥልስ?» ነው ያለው።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ሰፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቀው ሰውና ያኮረፈብህ ሰው ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው። እሱን ትተህ ስትቀጥል ሰፈሩንም ትተህ ነው የምትቀጥለው።

ይህን የምለው ሠርቼበት ነው። ጅማ ተወልጄ፣ ልጆቼንም እዚሁ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። በተለያዩ ምርጫዎች ሰፈር ለሰፈር ቀስቅሻለሁ። የእጩ ወኪል ሆኜም ምርጫ ጣቢያ አምሽቻለሁ። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ እዚህ ማውራቱ ጥቅም የለውም፤ የምለው ነገር ለየትኛውም ፓርቲ ይሠራል።

ከአዳራሹ ልጀምር። አዳራሽ የሚመጣልህ ሰው ድሮም ያንተ ነው። ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ከመካከላቸው ስንቱ የመራጭነት ካርድ አውጥቷል? ያወጣውስ በአንተ የምርጫ ክልል ነው? ሕጉ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከማና መጥቶ አዳራሽህን የሞላ ወጣት ለእጩህ ድምፅ መስጠት አይችልም። ቲክቶኩም እንደዚያው ነው። ቪዲዮህን እየተቀባበሉ ከሚያዩት የጅማ ልጆች ስንቶቹ አዲስ አበባ፣ ስንቶቹስ አረብ አገር ናቸው? ይወዱሃል፣ ግን እዚህ ካርድ የላቸውም። ቲክቶኩን ተወው አላልኩም። እጩውንና የምርጫ ምልክቱን ለማስተዋወቅ ጥሩ ነው። ሰው ድምፁን የሚሰጠው ግን የሚያምነው ሰው ሲነግረው ነው።

አንድ ቀን ወደ ጂሬን መውጫ ባለ ሰፈር አንድ እናት ቤት ገባን። ሁለት ሆነን ነው የሄድነው። (እናንተም ሁልጊዜ ሁለት ሁኑ፤ አንዷ ሴት ትሁን።) «አካም ጅርቱ» ብለን ገባን። እሳቸው ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀሉ ተቀበሉን። ቡና እየተቆላ ነበር። ቡና እየተቆላ ወረቀት ሰጥቶ መውጣት ነውር ነውና ቁጭ አልን። በአቦሉ ስለ ልጆቻቸው ተጫወትን። በቶናው ስለ ውሃው መቆራረጥና ስለ ሰፈሩ ጭቃ አወሩን። እኛም ያኔ ነው ስለ እጩአችን መናገር የጀመርነው። በትህትና ሰሙን። በረካው ሲቀዳ ግን ሲኒውን እያቀበሉኝ «ያ ልጅ የት ሄደ?» አሉኝ። ስሙን ጠርተው ነው የጠየቁኝ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ድንኳን የተከለላቸው፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ከደጃቸው ያልተለየ የእኛው አባል ነበር። በእጩ ምርጫው ተከፍቶ ቤቱ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ጓደኛዬ «ሥራ በዝቶበት ነው» አለች። እናታችን ትንሽ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ «እናንተ ሳትስማሙ እኛን ምን ልታደርጉልን ነው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ ማንም አይጠይቅህም። በዚያ ቤት ብቻ ሦስት አራት መራጭ አለ። ከአጥሩ ማዶ እህታቸው አሉ፣ ቡና የሚጠራሯቸው ጎረቤቶችም አሉ። ልጁ ቤቱ በመቀመጡ የቀረብን የእሱ አንድ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀኝ።

ስለዚህ ወጣቶችህን በቀበሌ ሳይሆን በምርጫ ጣቢያ ደልድል። በ2013ቱ ምርጫ የአንድ ጣቢያ ጣሪያ 1,500 መራጭ ነበር። ይህ በእግር የሚደረስ ሕዝብ ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ እዚያው የሚኖሩ አምስት ስድስት ሰዎች ፈልግ። የባጃጅ ሹፌር፣ ጉሊት ያላት ሴት፣ ጡረታ የወጣ መምህር ቢሆኑ ይመረጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉልበት አለው፣ ይናገራል፣ ግን ሄርማታ ውስጥ የማን በር ከማን ቀጥሎ እንደሆነ አያውቅም። ከሰፈሩ ሰው ጋር አጣምረው። የሚሄደው ሰው የቤቱን ቋንቋ ይቻል፤ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ አይበቃም፣ ዳውሮኛና የምኛ የሚቀላቸው ቤቶችም አሉ። የሰማውን ማታ በደብተር ይጻፍ፣ ቃል የገባውን ደግሞ ተመልሶ ያድርስ። ተመልሰህ የማትሄድበትን ቤት ከመጀመሪያውም ባታንኳኳ ይሻላል።

«ጎመን በጤና» ብሎ በሩን የሚዘጋብህም አለ። አትከራከረው። ሰላምታ ሰጥተህ እለፍ፣ ሌላ ቀን የሚያውቀውን ሰው ላክለት። የማንንም ካርድ አትንኩ። «ማንን ነው የምትመርጪው?» ብላችሁ አታስጨንቁ፤ ድምፅ ምስጢር ነው። እድርንም እንደ እድር ወደ ፓርቲ አትጎትት። እድር የሁሉም ነው፤ አንዴ የፓርቲ ከመሰለ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ያኔ ምርጫ ብታሸንፍም የምትቀበርበት ታጣለህ።

የሰፈር መዋቅር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ሩቅ አትሂድ። ኢሕአዴግ በ1997 ከደነገጠ በኋላ አባላቱን ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበሩበት ወደ ብዙ ሚሊዮን አሳደገ። አንድ ለአምስት የሚባለውንም አደረጃጀት እስከ ጓሮ ድረስ ዘረጋ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ያዙ። ያ አደረጃጀት ግን ከመንግሥት መዋቅር ጋር የተጣበቀ፣ ጫና ያለበት ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። እኔም በዓይኔ ያየሁት ነገር ስላለ ወቀሳው ልክ ነው እላለሁ። ሰውን በስንዴና በማዳበሪያ ማሰር ማደራጀት አይባልም። እኔ የምነግርህ በፈቃዱ የመጣ ሰው፣ ሰፈሩን ወዶ የሚዞርበትን ነው።

ወደ ኩርፊያው ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የእኛ የምርጫ ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ነው። በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያልፋል፤ ግማሹን መሙላት አይጠበቅበትም። ያኮረፈው ሰው ነገ በግል ቢወዳደርና ደጋፊው ለሁለት ቢከፈል፣ ከመቶው ስልሳ እናንተን ፈልጎ አርባ ያለው ሊያሸንፍ ይችላል።

ኬንያን ተመልከት። (የኬንያና የማላዊ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1992 በሥልጣን ላይ የነበሩት ሞይ 36 በመቶ ገደማ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆነው ቀጠሉ። ቀሪውን ተቃዋሚዎቹ ማቲባ፣ ኪባኪና ኦጊንጋ ኦዲንጋ ተቀራመቱት። በ1997ም ተቃዋሚው ተበታትኖ ስለገባ ለሞይ 40 በመቶ ገደማ በቃቸው። በ2002 ግን የኦጊንጋ ልጅ ራይላ ኦዲንጋ እኔ ልወዳደር ማለት ሲችል በአደባባይ «ኪባኪ ይበቃል» አለ። ናርክ በሚባለው ጥምረት ተሰብስበው ገቡና ኪባኪ 62 በመቶ አገኘ። ለሁለት ምርጫ በልዩነታቸው ያጡትን በአንድ እጩ አገኙት። ማላዊም አለች። በ2019 ፕሬዚዳንቱ ሙታሪካ በ38 በመቶ ገደማ አሸነፉ ተባለ፤ ተፎካካሪዎቻቸው ቻክዌራ ሁለተኛ፣ ቺሊማ ሦስተኛ ነበሩ። ፍርድ ቤት ውጤቱን ሰረዘው፣ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበትም አለ። በ2020 ሲደገም ሦስተኛ የነበረው ቺሊማ በምክትልነት ከቻክዌራ ጎን ቆመና 59 በመቶ ገደማ ይዘው አሸነፉ። ቺሊማ በ2024 በአውሮፕላን አደጋ ካለፈ በኋላ ፓርቲው ከጥምረቱ ወጣ። የኑሮ ውድነቱ ተጨምሮበት በ2025 ቻክዌራ ለዚያው ለሙታሪካ ተሸነፈ። የእነሱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው፣ የእኛ የፓርላማ ነው፤ የድምፁ ስሌት ግን አይለያይም።

የራሳችንን 1997ም አስታውስ። አራት ፓርቲዎች ቅንጅት ሆነው በአንድ ምልክት፣ በሁለት ጣት፣ ገቡ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ምልክቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አገኙ። ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው ልዩነታቸው ገነፈለ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከእስር ሲወጡም ቅንጅት እንደ ድሮው መቆም አቃተው። እስራቱ የእነሱ ጥፋት ነው አልልም። ግን ያንን ልዩነት በቤታቸው የሚፈቱበት መንገድ ቀድመው አበጅተው ቢሆን ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ስንት ሰው ተስፋውን ጥሎባቸው ነበር።

እና ያኮረፉትን እንዴት ትመልሳለህ? በቴሌግራም መልእክት አይሆንም። እጩው ራሱ፣ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሽማግሌ ይዞ፣ ቤታቸው ይሂድ። የመጀመሪያውን ቀን ያድምጥ ብቻ። እኔ ካየሁት፣ ሰው በእጩ ምርጫ ሲሸነፍ ይችለዋል፤ የማይችለው በጓዳ እንደተበላ ሲሰማው ነው። ስለዚህ ማን ድምፅ እንደሰጠ፣ ማን እንደቆጠረ፣ ማን ስንት እንዳገኘ ዘርግታችሁ አሳዩት። ጥፋት ካለ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያ እውነተኛ ሥራ ስጡት። «የክብር አማካሪ» የሚል ማዕረግ ማንንም አያታልልም። የሰፈሩን ምርጫ ጣቢያ ከነሙሉ ኃላፊነቱ አስረክቡት፣ የሚያዛቸውንም ሰዎች ራሱ ይምረጥ። ሐሳቡን በስብሰባ ላይ ይናገር፣ ይቃወም፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍለት። ውጭ ሲወጣ ግን ሁላችሁም የተስማማችሁበትን ተናገሩ።

እምቢ የሚልም ይኖራል። በሰላም ሸኙት። ፌስቡክ ላይ እንዳትሰድቡት አደራ፤ የአክስቱ ልጆችም እኮ መራጮች ናቸው።

የመጨረሻው የድምፅ መስጫው ቀን ነው። ቅስቀሳ ከአራት ቀን በፊት ይቆማል፤ ያን ጊዜ ለወኪሎችህ ተጠቀምበት። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። ወኪልህ ከሌለ የአንተ ዓይን እዚያ የለም። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ላይም ሰልፍ ካለ ይቀጥላል፣ ቆጠራው ደግሞ ሌሊቱን ሊገፋ ይችላል። ራቱን ያልበላ ወኪል አራት ሰዓት ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ በጣም የሚያስፈልግህ ግን ያኔ ነው። ምሳቸውን ማን ያደርሳል፣ ራታቸውን ማን፣ ባትሪና የሞባይል ካርድ አላቸው ወይ፣ ሲደክማቸው ማን ይተካቸዋል፣ ይህን ሁሉ ከአሁኑ በስም ጻፈው።

ሽማግሌ በመፈለግ ከተቸገርክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የማውቃቸው አባቶችና እናቶች አሉ፤ ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ።