የፈሰሰ ቀለም፣ የተሰነጠቀ ሸራ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሥዕል ሸራ ላይ ወደ 600 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠ አክሪሊክ ቀለም እያፈሰስሽ ሥዕል ስትሠሪ ግማሹ ወለል ላይ እንደሚቀር፣ የቀረው ደግሞ ሲደርቅ መሃሉ እንደሚሰነጠቅ ነግረሽኛል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ቀለሙ በዝቷል።

ሂሳቡን እንየው። የሸራሽ ስፋት 2,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ሽፋን 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለጠርዞቹ 50 ጨምሪበት። ቀለሙ የሚበጠበጥበት ኮላና ውሃም እዚሁ ውስጥ ይደመራሉ። ከዚህ ሲወፍር ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ቆዳ ያበጃል፤ ከሥር ያለው ዘግይቶ ሲኮማተር ያን ቆዳ ይቀደዋል።

250ው ሸራውን እንዴት ያዳርሳል ትይኝ ይሆናል። ደረቅ ሸራ ቀለሙን ይዞ ያስቀረዋል፤ እንዲዳረስ ብለሽ ደጋግመሽ የምትጨምሪውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከልኩ ላይ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ነጭ ቀለም ለይተሽ ሸራውን እስከ ጠርዙ ስስ አድርገሽ በብሩሽ ቀቢው። ሳይደርቅ የቀረውን መሃሉ ላይ አንቆርቁሪ። ስታጋድዪው አትቸኩዪ፤ ቀለሙ አንዱ ጥግ ሲደርስ ወደ መሃል መልሺው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጥግ።

የብጥብጡ ውፍረት ምጣድ ላይ እንደሚዞር የእንጀራ ሊጥ ይሁን። አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ አድርጊ፤ ውሃውን በማንኪያ ብቻ ጨምሪ፣ ሲበዛ ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ይሳሳል። ለምትሸጪው ሥራ ግን ለዚሁ የተዘጋጀ የአክሪሊክ ማቅጠኛ ብትገዢ እመርጣለሁ፤ ኮላ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ሊሄድ ይችላል። አረፋ እንዳይዝ ቀስ ብለሽ አማስዪና ጥቂት አሳርፊው።

መሃሉ ብቻ መሰንጠቁ ሌላም ነገር ያስጠረጥረኛል፤ ሸራሽ ላልቷል። የላላ ሸራ መሃሉ ይረግብና ቀለሙ እዚያ ይጠራቀማል። ከጀርባ በሽብልቅ ወጥሪው፤ ካልሆነም ቀድሞ የተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ሥሪ። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ማየት እንዳትረሺ።

የበጋው ነፋስ ደረቅ ነውና ሥራውን ደጅ አታውጪው። ቤት ውስጥ ሳይነካው ካርቶን ድፊበት፤ በአንድ ጎን ትንሽ ክፍተት ተዪለት።

ከጠርዙ ለሚንጠባጠበው ከሥር ፕላስቲክ አንጥፊ። እርጥቡን ሰብስበሽ ትንንሽ እንጨት ላይ ትጠቀሚበታለሽ፤ የደረቀው ተልጦ ይነሳል፣ ቆርጠሽ ለጉትቻ ይሆናል። ስኒዎቹን ሳታጥቢ በፊት በጨርቅ ጥረጊያቸው፤ እጣቢውንም ቦይ ውስጥ አትድፊ። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ከቦይ የወጣው ጣናና ዓባይ ሲገባ እናያለን። ባልዲ ውስጥ አሳድሪው፣ የዘቀጠውን አድርቀሽ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣዪ። የተረፈሽን ብጥብጥ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ አስቀምጪ፤ ለሚቀጥለው ሥራ ስታወጪው በስስ ጨርቅ አጥልዪው።