መልስ፦ ሊቲየም ካለን ለምን ባትሪ አንሠራም?

«ኬንቲቻ ላይ ሊቲየም ካለን መንግሥት ለምን ቀጥታ የባትሪ ፋብሪካ አይከፍትም?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ከባትሪው አልጀምርም። ባትሪ ሊቲየም ብቻ አይደለም። ግራፋይት አለ፣ ሌሎች ኬሚካሎች አሉ፣ ትልቅ ገበያም ይፈልጋል። እዚያ ላይ ቻይናን መቀናቀን ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ማበልጸጊያው፣ ማለትም ማዕድኑን ከተራ ድንጋይ የሚለየው ፋብሪካ፣ ይቅደም። ኬንቲቻ ያለበት የጉጂ ዞን ሊቲየም ያለው ስፖዱሜን በሚባል ማዕድን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከጉድጓድ ሲወጣ የሊቲየም ኦክሳይድ ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የቀረው ተራ ድንጋይ ነው። ያንን ጭኖ ጅቡቲ ድረስ መሄድ ለድንጋይ ነዳጅ መክፈል ነው። ተፈጭቶና ተለይቶ 6 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀጣዩ ደረጃ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ማቃጠልና በሰልፈሪክ አሲድ ማከም ነው፤ እሱ ብዙ ካፒታል ይበላል፣ ይቆይ።

ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ጥሬ የሊቲየም ድንጋይ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። ጥሩ ነው፣ ግን ክልከላ ብቻውን ፋብሪካ አይተክልም።

ሁለተኛው ሮያሊቲ ነው፤ ኩባንያው ለሚያወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፍለው ድርሻ። የሊቲየም ዋጋ ከ2022 ጣሪያው በሁለት ዓመት ውስጥ ክፉኛ ወርዷል። ቺሊ ይህን ያየችው ቀድማ ነው፤ አታካማ በሚባለው የሊቲየም በረሃዋ ባሏት ውሎች ክፍያው ከዋጋው ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል።

የአካባቢው ሕዝብ ድርሻ ደግሞ ውሉ ሳይፈረም ይጻፍ። እዚያው ጉጂ፣ ለገደንቢ ወርቅ ላይ በ2010 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነስቶ ፈቃድ እስከ መታገድ ደርሷል።