ለጦር ግንባር ቅርብ በሆኑ መንደሮች ስለሚሰራ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክና የርቀት ህክምና፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ነርስ ነኝ። ከተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ጋር ለግንባር ቅርብ ወደሆኑ መንደሮች ለዓመታት ተመላልሻለሁ። አሁን ደግሞ መንደር የቀሩ ጤና ባለሙያዎችን ሩቅ ካሉ ሐኪሞች ጋር በስልክ አገናኛለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ማለት አምቡላንስ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይ። አምቡላንስ ሰውን ይዞ ይሄዳል፣ እኛ ህክምናውን ይዘን እንመጣለን። በፎቶ የምታዩት ውስጡ አልጋና አልትራሳውንድ የተገጠመለት ትልቅ መኪና ጥሩ ነው፤ ግን መንገድ ሲበላሽ አይገባም፣ ከሩቅም ይታያል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ተራ መኪና ነው። መድኃኒቱን ይጭናል፣ ምርመራው የሚካሄደው ትምህርት ቤት ወይም ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ መድኃኒት የሚያድል፣ መዝጋቢና ሹፌር እንሆናለን። ሹፌሩን አትናቁት። መንገዱ ዛሬ ይኬዳል አይኬድም የሚለውን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «እንመለስ» ካለ እንመለሳለን፣ ክርክር የለም።

ጥያቄ፦ አብዛኛው ታካሚ የቆሰለ ሰው ነው አይደል?

መልስ፦ ሁሉም እንደዛ ያስባል። የቆሰለ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣ ክሊኒክ ሊጠብቅ አይችልም። እኛ ጋ የሚሰለፈው የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ነው። ወጣቱ ቀድሞ ወጥቷል። የቀሩት አረጋውያን፣ መራመድ የማይችሉ፣ እነሱን የሚያስታምሙ፣ ቤትና ከብታቸውን ትተው መሄድ ያልፈለጉ ናቸው። ዩክሬን ውስጥ በግንባሩ መስመር ባሉ መንደሮችም የታየው ይኸው ነው። ፋርማሲው ተዘግቶ ክኒኑ ሲያልቅበት በስትሮክ የሞተውን ሰው ማንም በጦርነት ሞተ ብሎ አይመዘግበውም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ።

ለቆሰለ ሰው የሚደርስለት እዛው ያለ ጎረቤት ነው። ስለዚህ በሄድን ቁጥር ጥቂት ሰው እናሰለጥናለን፦ ደም የሚፈሰውን እጅ ወይም እግር ከቁስሉ በላይ በቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) አጥብቆ ማሰር፣ የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ ቁስለኛውን ቶሎ ወደ ህክምና መውሰድ። ደም የሚያረጋው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት የሚጠቅመው እንኳ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት የት እንደምንሆን ማን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከልምድሽ ትልቁ ስህተት ምንድን ነው?

መልስ፦ ቃል ሰጥቶ መቅረት። አንዴ «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንመጣለን» ብለን መንገዱ ተዘጋና በሰባተኛው ሳምንት ደረስን። አንድ አባት የግፊት ክኒናቸውን ለሁለት እየከፈሉ፣ ኋላም ለአራት እየከፈሉ ጠብቀውናል። «ትመጣላችሁ ብዬ ነው ልጄ፣ እንዳያልቅ» አሉኝ። ግፊታቸውን ስለካ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን «ጠብቁን» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ቆጥረን የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት እንሰጣለን። ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የብዙ ወር አቅርቦት በየአገሩ የተለመደ አሰራር ነው፣ ለደም ግፊት የማይሆንበት ምክንያት የለም። «ይሸጡታል» የሚል ስጋት ሁሌ ይነሳል፤ እኔ በበኩሌ የተሸጠ ክኒን ካልተሰጠ ክኒን ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለተኛ፣ ቀኑን ስንቀይር በስልክም በመልእክትም እዛ ላለው ጤና ባለሙያ እንነግራለን፣ እሱ ቤት ለቤት ይናገራል።

ጥያቄ፦ መብራት በሌለበት ኢንሱሊን እንዴት ይቀመጣል?

መልስ፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የተከፈተው በክፍል ሙቀት 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን አቅሙን እንዳላጣ አሳይቷል። ይሄ ለኛ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ፍሪጅ የለውም ተብሎ ሰው በየቀኑ ለመርፌ ጤና ጣቢያ እንዲመላለስ ይደረግ ነበር፣ ያውም በዚያ መንገድ። አየሩ ደረቅ ከሆነ እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ያቀዘቅዛል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በረዶ የነካውን ኢንሱሊን አትጠቀሙ፣ ቀልጦ ደህና ቢመስልም ተበላሽቷል። በብርድ አገር ክረምት ላይ ትልቁ ችግር ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ በሌለበት የርቀት ህክምና ቀልድ አይሆንም?

መልስ፦ ቪዲዮ ብቻ የምናስብ ከሆነ አዎ። ቪዲዮ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚያስፈልገን። ባለሙያው የበሽተኛውን ታሪክ ይጽፋል፣ የቁስሉን ወይም የኢሲጂውን (የልብ ምርመራ ወረቀቱን) ፎቶ ያነሳል፣ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። መስመር ሲገኝ ይላካል፣ ሐኪሙ ባመቸው ሰዓት አይቶ ይመልሳል። ለቆዳ፣ ለኢሲጂ፣ ለራጅ፣ ለመድኃኒት መጠን ይሄ ይበቃል። ለአጣዳፊው ደግሞ ተራ የድምፅ ጥሪ። ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ዩክሬን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ አግዟል፣ ግን መብራት ይፈልጋል፣ መስመሩም ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢጠፋ ባለሙያው ምን እንደሚያደርግ የተጻፈ ወረቀት ግድግዳ ላይ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የምኖር ሐኪም ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ በስልክ ማገዝ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዜር ይስጥህ ዶክተር። ይሄ ይቻላል። በሶሪያ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች የጽኑ ህሙማን ክፍሎችን በካሜራ እየተከታተሉ እዛ ያሉትን ነርሶች ይመሩ ነበር።

ምክሬ ግን ትንሽ ይከብዳል። «ትርፍ ሰዓት ሲኖረኝ» አትበል፣ ሰዓት ቁረጥ። ማክሰኞ ከ2 እስከ 4 ካልክ ማክሰኞ ከ2 እስከ 4 ስልኩን አንሳ፤ እዛ ያለችው ነርስ ህመምተኛውን የምታቆየው አንተን አምና ነው። ቀጥሎ፣ ከመምከርህ በፊት ያላትን መድኃኒት ዝርዝር ጠይቃት። «ሲቲ ስካን ይነሳ» የሚል መልስ ሲመጣ አይቻለሁ። ሲቲ ስካኑ በሦስት ኬላ ማዶ ነው። እሷ የምትፈልገው «ባለሽ ነገር ይህን ስጪ፣ ይህን ምልክት ካየሽ ላኪው፣ ካላየሽ ነገ ደውዪልኝ» የሚል መልስ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሆድ በስልክ አይዳሰስም። የሷን እጅ እመን። «ሆዱ ሲነካ እንደ እንጨት ጠንክሯል» ካለችህ ጠንክሯል።

አንዳንዴም ምንም ሊደረግ በማይችልበት ጉዳይ ትደውልልሃለች። ያኔም አንሳላት። ብቻዋን አይደለችም።

ጥያቄ፦ መኪናው ላይ ቀይ መስቀል ከተደረገ አይመታም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለት ነገር እንለይ። ሕጉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነቶች የህክምና ባለሙያን፣ መኪናንና ህንፃን ይጠብቃሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በ2016 በውሳኔ ቁጥር 2286 ይህንኑ አጠንክሮታል። ዓርማውን ግን ማንም ተነስቶ መለጠፍ አይችልም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለፈቃድ መጠቀም ራሱ ጥፋት ነው።

መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። በኦክቶበር 2015 አፍጋኒስታን፣ ኩንዱዝ ውስጥ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ተደብድቦ 42 ሰው ሞቷል። የህንፃው ቦታ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ እኛ እንቅስቃሴያችንን ለሁሉም ወገን እናሳውቃለን፣ ግን በማሳወቃችን ብቻ አንዝናናም። አንድ ቦታ ሰው አናከማችም፣ በቀጠሮ በትንሽ በትንሹ እንጠራለን። ፍንዳታ ከተሰማ በኋላ ወዲያው ወደ ቦታው አንሮጥም፣ ሁለተኛው የሚመጣው ለእርዳታ በተሰበሰበው ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር ያመኛል፣ ማድረግ ደግሞ የባሰ ያማል።

ጥያቄ፦ የታጠቀ ሰው ለህክምና ቢመጣስ?

መልስ፦ መሳሪያው ውጭ ይቀራል፣ ሰውየው ይታከማል። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንጠይቅም። ወረፋውም በህመሙ ክብደት ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ አንስታችሁ ለምን ሥራችሁን አታሳዩም? ሰው ይረዳችሁ ነበር።

መልስ፦ ፎቶ ውስጥ የቦታ መረጃ ተደብቆ ይቀመጣል። አንድ ፎቶ የመንደሩን ምድር ቤት ሊያጋልጥ ይችላል። በስልክ ለሐኪም የምንልከውም ቢሆን ፊት የለውም፣ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከተላከም በኋላ ይጠፋል። ስልካችን ኬላ ላይ ሊፈተሽ ይችላል እኮ።

ጥያቄ፦ እርጉዞችስ?

መልስ፦ ምጥ የክሊኒኩን ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ከ7ኛው ወር ጀምሮ እቅዱን ከቤተሰቡ ጋር እናወጣለን፦ በማን መኪና፣ በየትኛው መንገድ፣ ሌሊት ከሆነስ። ችግር ይገጥማታል ብለን የምንሰጋላትን ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል አጠገብ እንድትቆይ እንለምናለን። ንጹህ የመውለጃ እቃም እንተዋለን። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ኦክሲቶሲን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ሚሶፕሮስቶል ግን አይፈልግም፤ ለሰለጠነው ሰው እሱን እንተዋለን። አዋላጅ በስልክ እየመራች ያለፈ ወሊድ አለን። ያን ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ በስልክ ስሰማ እኔም አልቅሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለሕፃናት የምግብ እጥረት መሣሪያ ይዛችሁ ትዞራላችሁ?

መልስ፦ የክንድ መለኪያ ሜትር ይበቃል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረቱ ከባድ ነው። እናቶችን ራሳቸውን እናስተምራለን፣ በየሳምንቱ ይለካሉ።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በር ሲመታ እደነግጣለሁ። ለዚህም በስልክ እርዳታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ እንዲያውም ለርቀት ህክምና ከሚመቹት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በግጭት ቦታ ከሚኖሩ ከ5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። አበድኩ ብለህ እንዳታስብ ወንድሜ። ብቻህን የምታወራበት ቦታና ሰዓት ምረጥ፣ የማይቋረጥ አንድ ባለሙያ ጠይቅ። ራስህን ስለመጉዳት ካሰብክ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ አጠገብህ ላለ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ጤና ባለሙያ ጋም አብሮህ ይሂድ።

ጥያቄ፦ እናቴ ግንባር አጠገብ ናት፣ አልወጣም ብላለች። ስኳርና ግፊት አለባት። ከሩቅ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ደውለሽ መድኃኒቶቿን አንድ በአንድ ከካርቶኑ ላይ አንብቢልኝ በያት። ስሙን፣ ሚሊ ግራሙን፣ በቀን ስንቴ እንደምትወስድ ጻፊ። አንዱን ቅጂ አንቺ ጋ አስቀምጪ። ሌላውን እሷ ጋ ያለ ሰው በወረቀት ይጻፈው፣ ከማይስማማት መድኃኒት ስም ጋር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመታወቂያዋ ጋ ይቀመጥ። እኛ አንድን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስናይ ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው «ነጯ ክኒን» የትኛዋ እንደሆነች በመፈለግ ነው። ከዚያ የጎረቤቷን ስልክ ያዢ፣ ክሊኒክ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቀውን ጤና ባለሙያ ስልክም። ሲያልቅባት ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀራት ንገሪው።